ለሽምግልና የቀረበው ኮንሰርት

የሰው ስልክ አጮልቆ የማያይ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ሲከፍት ዓይኔ ሳላዘው ይሄዳል። መልእክቱን አብሬው አነባለሁ፤ ፊደል ሲስት ላርመው ሁሉ ይቃጣኛል። ግን አጮልቆ የሚያይ ሰው አንድ ችግር አለበት። መጀመሪያውን አላየም፣ መጨረሻውን አይጠብቅም፣ ድምፁንም አይሰማም። የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። እኔን ሚስት ሊያሳጣኝ የነበረው ይኸው ከራስ የሚሞላው ነገር ነው።

ቆይ፣ ከሥር ልጀምርላችሁ።

ቢቸና ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደም እቀዳለሁ፣ እመረምራለሁ፣ ውጤት እሰጣለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንድ ሱስ አለብኝ። ጫት አይደለም፣ አረቄም አይደለም። የፕሮግረሲቭ ሮክ ኮንሰርት ማየት ነው። «የምን?» አላችሁ አይደል? ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚለኝ።

የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። ግን ሬዲዮ ላይ እንደምትሰሙት ሦስት ደቂቃ ዘፍኖ የሚሰናበት አይደለም። አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። እንደ ሹክሹክታ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ይቆጣል፣ ምቱን ይቀይራል፣ ያለቀ መስሎ ጸጥ ይላል፤ ልትነሱ ስትሉ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። እኔ የምወደው በስቱዲዮ የተቀዳውን ሳይሆን መድረክ ላይ ሲጫወቱት የተቀረጸውን ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ስሕተት ይታጠባል፤ መድረክ ላይ ግን የት ይገባል? የድሮዎቹ ባንዶች ፊልማቸው የደበዘዘ፣ ፀጉራቸው ወገባቸው የደረሰ፣ የሱሪያቸው እግር አስፋልት የሚጠርግ ነው። የአሁኖቹ ደግሞ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጠው የምታውቋቸው ሰዎች ይመስላሉ። ሙያው ግን ያው ነው።

ይህን ሱስ ያስያዘኝ ያሲን ነው። ያሲን የሞጣ ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል፣ እሱም ይሸጣል። ደብረ ማርቆስ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ያኔ ታላቅ ወንድሙ ከጅዳ ሲመጣ አንድ ሃርድ ዲስክ ይዞለት መጣ፤ ኳስ ነው ብለው ነበር የሸጡለት። ብንከፍተው ኳስ የሚባል የለም። ከዳር እስከ ዳር ኮንሰርት! ያሲን ያን ሰሞን ሁሉ ሲራገም ከረመ። በኋላ ግን አንዱን ድራም መቺ አፉን ከፍቶ ሲያይ ሩዛችንን አሳረረው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ከሱሱ አልተመለስንም።

ሰናይት ደግሞ ቢቸና ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፣ አገሯ ሞጣ። አባቷ መሪጌታ ይባቤ ይባላሉ። ማኅሌት ይመራሉ፣ ዜማ ያስተምራሉ። ገበያ ውስጥ ሲያልፉ ሰው የሚጨቃጨቅበትን ትቶ ነጠላውን ያስተካክልላቸዋል። ከሰናይት ጋር ተዋደድን፣ ተስማማን፣ ሽማግሌ የሚሄድበት እሑድ ተቆረጠ።

እትዬ ጥሩነሽ የመጡት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ የሰናይት እናት የአክስት ልጅ ናቸው፤ ቢቸና እህል ይነግዳሉ። ሊመረመሩ መጥተው ደም ሰጡና ውጤቱ እስኪደርስ አጠገቤ ባለው ወንበር ተቀመጡ። እኔ ስልኬን መደርደሪያው ላይ አቁሜ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ አንድ የድሮ ኮንሰርት እያየሁ ነበር። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። ምን አዩ? ቀይ መብራት፣ ጭስ፣ በጭሱ መሐል ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አፉን ሲከፍት። አንዴ እሱን አዩ። አንዴ እኔን አዩ። አንዴ ደግሞ በእጄ የያዝኩትን የገዛ ደማቸውን አዩ። ውጤታቸውን ሳይቀበሉ ወጥተው ሄዱ።

ከቢቸና ሞጣ ወሬ የሚሄደው በሚኒባስ ነው፤ በየመንገዱም ትርፍ ይጭናል። ደብረ ወርቅ ላይ «ልጁ ሰይጣን ያያል» ነበር። ግንደወይን ላይ «ሰይጣን ያነጋግራል» ሆነ። ሞጣ መናኸሪያ ሲደርስ «ደሙን የሚቀዳው ለእሱ ነው» ሆኖ ወረደ።

ከሥራ ስወጣ ሰናይት ደወለች። ድምጿ የእሷ አልመሰለኝም።

«አባባ ሰምተዋል» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የሚቆጣን ሰው ትለምናላችሁ፣ ታስረዳላችሁ። ዝም ያለን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ስበላም ስሠራም ያ ዝምታ አብሮኝ ዋለ። በመጨረሻ ለአጎቴ ለአቶ አያሌው ከሞጣ መልእክት መጣ። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። መልእክቱ አጭር ነው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ። ልጁም ይምጣ። የሚያየውንም ይዞ ይምጣ።

በኛ አገር ሽማግሌ ሲሄድ አግቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ ይሄዳል? አይሄድም። እኔ ግን ፍላሽ በኪሴ ይዤ፣ ከአጎቴና ከሁለት ዝምተኛ ሽማግሌዎች ጋር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ተከሳሽ መሰልኩ።

አጎቴ ደብረ ወርቅን አልፈን ነው አፋቸውን የፈቱት።

«ለመሆኑ ልብስ ለብሰዋል?»

«እነማን?»

«ዘፋኞቹ ናቸዋ።»

«ለብሰዋል።»

«ሁሉም?»

መዋሸት ፈለግሁ። ፍላሹ ግን ኪሴ ውስጥ ነው። «ድራም መቺው ሸሚዝ የለውም» አልኩ። አጎቴ ግንደወይን እስክንደርስ አላናገሩኝም።

ሞጣ መናኸሪያ ያሲን ጠበቀን። መሪጌታ ጎረቤቱ ናቸው፤ የበዓል ልብሳቸውን ጨርቅ ከእሱ ነው የሚገዙት። እኔ ብቻዬን ገብቼ እንዳልርበተበት ብሎ አብሮን ሊገባ ቆርጧል። ወደ ጎን ወሰደኝና ዕቅዱን ነገረኝ። ፍላሹ ላይ ካሉት ውስጥ የአንድ አዲስ ባንድ ኮንሰርት አለ። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል፣ ቫዮሊን የምትጫወተው ሴት ረጅም ቀሚስ ለብሳለች፣ ጭስ የለ፣ ቀይ መብራት የለ።

«ይሄን አሳያቸው» አለኝ። «ግን ስማ፤ ሌላ አለ ወይ ብለው ከጠየቁህ አትዋሽ። እኔ አውቃቸዋለሁ። የሰው ድምፅ ሲዛነፍ ይሰማቸዋል።»

ገባን። ሳሎኑ ጽድት ብሏል። ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ መቋሚያቸው ጥግ ላይ ቆሟል። መሪጌታ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሰናይት እናት ወይዘሮ አንጓች በር አካባቢ፣ እትዬ ጥሩነሽ ከጎናቸው። ሰናይት ጓዳ ናት፤ ሰሃን ስታነሳና ስትጥል ይሰማኛል።

«ተቀመጡ» አሉ መሪጌታ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አጎቴ እንደ ወጉ።

«የእናንተን ጉዳይ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የሱን ልይ።»

ወጉ ወግ ነውና ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ቀሩ። የአጎቴ አንድ ጉልበት በሽተኛ ነው፤ ገና ከጅምሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የጥልፉን ጨርቅ አንስቼ ፍላሹን ሰካሁ። እጄ ሦስቴ ሳተው። የሰው ደም ሥር በጨለማ የማገኝ ሰውዬ!

አዲሱ ባንድ ጀመረ። ባለቫዮሊኗ ልስልስ አድርጋ ገባች። መሪጌታ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው ያያሉ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ሊሆን ነው፣ ሊያልፍ ነው ስል እትዬ ጥሩነሽ ብድግ አሉ።

«ይሄ አይደለም! ይሄማ ሴት ልጅ መሰንቆ የምትመታበት ነው። እኔ ያየሁት ጥቁር ለባሹን ነው!»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ያኛው አለ?»

ያሲንን አየሁት። ምንጣፉን ያያል። ጓዳ ያለው ሰሃን ዝም አለ።

«አለ» አልኩ።

«አምጣው።»

አመጣሁት። ገና ሲጀምር ያ ሸሚዝ የሌለው ድራም መቺ፣ ላቡ በደረቱ ሲወርድ፣ ስክሪኑን ሞላው። አጎቴ ሳል ሳይኖርባቸው ሳሉ። ኦርጋን የሚጫወተው በሦስት በኩል በኪቦርድ ታጥሮ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል። ከዚያ ጭሱ መጣ። ከጭሱ ውስጥ ባለካባው። ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ያሲን» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«አቤት መሪጌታ።»

«ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው?»

«ሳቲን ነው መሪጌታ።»

«ይሸበሸባል።»

«በጣም ይሸበሸባል።»

መሪጌታ የሚናገሩት ነገር ሁልጊዜ ሁለት መልክ አለው፤ ይሸበሸባል ያሉት ጨርቁን ይሁን ሰውዬውን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለካባው እጆቹን ዘረጋ። መብራቱ ቀይ ሆነ። አፉን ከፈተ። ጩኸቱ ሊወጣ ሲል ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «አያችሁ? እግዜር ራሱ ቆረጠው!»

«መብራት ነው የሄደው» አሉ መሪጌታ። «ትናንት እኛ ጸሎት ላይ ሆነንም ሄዷል።»

አጎቴ ጉልበታቸውን ይዘው ያየነው ይበቃል፣ ቀሪውን በሌላ ቀን እንነጋገር ማለት ጀመሩ። ሌላ ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል። ሽማግሌ ባዶ እጁን ከወጣ ወሬው ደግሞ በሚኒባስ ይመለሳል፤ ቢቸና ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚወርድ አስቡት። ደሜን ውሰድልኝ ብሎ ክንዱን የሚሰጠኝ ማን ይኖራል?

«እንጠብቃለን» አሉ መሪጌታ።

ጠበቅን። ቆየት ብለው መሪጌታ እኔን ጠሩኝ።

«ና እስቲ። አንተ እዚህ ውስጥ ምን ታያለህ?»

ለዚህ ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ጥበብ፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሙዚቃ ትምህርት የሚያምር ንግግር ነበረኝ። ዓይናቸውን ሳይ ሁሉም ጠፋብኝ።

«እፈራለሁ መሪጌታ» አልኩ።

«ምን ትፈራለህ?»

«አምስት ናቸው። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። አንዱ በሰባት ይቆጥራል፣ ሌላው በአራት፣ ሌላው ጭራሽ የማይቆጥር ይመስላል። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያፍራሉ። ስንት ጊዜ ባየውም፣ ዛሬስ ይገናኙ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።»

«ሲገናኙስ?»

ያሲን ጉሮሮውን ጠረገ፤ በቃህ ማለቱ ነው። አፌ ግን ቀደመኝ። «ሲገናኙ ብቻዬን የምኖር አይመስለኝም» አልኩ።

ምን ማለት ነው? እኔም አላውቅም። ወጥቶ አየሁት። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ አንገታቸውን ሳይነቀንቁ፣ ሳይስቁ አዩኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኘውም።

መብራት መጣ። ዘፈኑን ካቆመበት ለመቀጠል ሪሞቱን ስፈልግ መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

«ከመጀመሪያው።»

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ወግ የሚባለውን ረስተው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ድራም መቺው ተመልሶ መጣ፣ ጭሱ መጣ፣ ባለካባው መጣ። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ወጣ። ያ ጩኸት ረጅም የዜማ ድምፅ ነው፤ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይሄድና እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እትዬ ጥሩነሽ ድምፁን ዛሬ ገና መስማታቸው ነው። ሊያማትቡ ያነሱት እጅ ግንባራቸው ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ጸጥታው መጣ። መድረኩ ጨለመ። አጎቴ አልቋል ብለው ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ መሪጌታ፣ እንደሚያውቁት…» ሲሉ ድራሙ እንደ ነጎድጓድ ፈነዳ። አጎቴ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጸጥ አለ። አጎቴ እንደገና ተነሱ። እንደገና ፈነዳ። ሦስተኛው ጸጥታ ላይ አጎቴ ንቅንቅ አላሉም።

እኔ ግን ስክሪኑን ትቼ የመሪጌታን እጅ እያየሁ ነበር። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሌባ ጣታቸው ይነሳል፣ ይወድቃል። የሚቆጥሩ ይመስላሉ። አምስቱ ሰዎች በየፊናቸው ሄዱ። ጊታሩ አንድ መንገድ፣ ኦርጋኑ ሌላ መንገድ። የሚገናኙበት ቦታ ቀረበ። ያ ቦታ ሲቀርብ ሁልጊዜም ልቤ ትቆማለች፤ ምክንያቱም በዚያ ኮንሰርት ላይ አንድ ስሕተት አለ። ትንሽ ናት፤ ለያሲን እንኳ የነገርኩት እኔ ነኝ።

የመሪጌታ ጣት አየር ላይ ቆመ።

«ይሄኛው ቀድሞ ገባ» አሉ፣ ኦርጋን የሚጫወተውን እያሳዩ።

«አዎ መሪጌታ።»

«አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ይመልከቱ።»

ድራም መቺው ቀና ብሎ አየው። አልተቆጣም። ምቱን ትንሽ ሰበሰበለት፤ ጊታሮቹም ሰበሰቡለት። ሰውዬው ግንባሩ በላብ ታጥቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ አምስቱም በአንድ እግር የቆሙ ይመስል አንድ ላይ ወረዱ። ሕዝቡ ጮኸ። የሆነውን ከሕዝቡ ማንም አላየም።

መሪጌታ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «አላሳፈሩትም» አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። «እኛም ዘንድ ማኅሌት ላይ የሳተውን እንዲህ ነው የሚይዙት። እኔንም ይዘውኝ ያውቃሉ።»

ዘፈኑ አለቀ። ይኼኛው እውነተኛው መጨረሻ ነው። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሩ።

«ጥሩነሽ፣ ሰይጣን ይህን ያህል አይለማመድም።»

«ደሙስ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ አሁንም እጅ ሳይሰጡ።

«ደሙ የአንቺ ነው። ሄደሽ ውጤትሽን ውሰጂ።»

ያሲን ሳቁን በሳል ሸፈነው። አጎቴ ተነስተው ያን የተዘጋጁበትን ንግግር ከረጅሙ አጭሩን አደረጉት፤ ጉልበታቸው ረጅሙን አይችልም። መሪጌታ ልጅቷ ትጠየቅ አሉ። ሰናይት ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ ይሄን ነገር ከእሱ ጋር ማየት አልችልም፣ ራሴን ያመኛል» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላው ሁሉ ይስማማኛል» ብላ ጨረሰች።

መሪጌታ ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። ልጃቸውን ሰጡኝ። እጃቸውን ሳምኩ።

ሠርጉ ካለፈ ሰነበተ። ሞጣ በሄድን ቁጥር መሪጌታ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «አዲስ ነገር አለ?» ይሉኛል። ያሲንም ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ሦስታችን ቴሌቪዥኑ ፊት እንቀመጣለን። ምሳ ይቀርባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ መሪጌታ «ያችን ቦታ መልሳት» ይላሉ። የመጣ እንግዳ ሰላም የሚለው አጥቶ ይመለሳል። ሰናይት እናቷን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች።

ባለፈው እትዬ ጥሩነሽ ከቢቸና መጡና ሳሎኑን በበሩ አጮልቀው አዩ። ውጤታቸውን ከወሰዱ ወዲህ ከእኔ ጋር ታርቀናል። ወደ ወይዘሮ አንጓች ጠጋ ብለው፣ ያኔ በከንቱ አስደነገጥኩሽ፣ ሰይጣን ነው ማለቴ ስሕተት ነበር፣ ይቅር በይኝ አሏቸው።

ወይዘሮ አንጓች ለሦስተኛ ጊዜ የተሞቀውን ወጥ አስቀመጡና እኛን አንድ በአንድ አዩን።

«ምነው ሰይጣን በሆነ!» አሉ። «ሰይጣን ቢሆን ሦስቱንም ይዤ ጸበል እሄድ ነበር።»